የቱ ሰ?

አሁን ሲያወሩት ያስቃል። እሷ ራሷ ስታወራው እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች፤ እህቷማ ልብስ ሊያሰፋ ለመጣ ሰው ሁሉ ሳትተርከው አታሰናብተውም። ያን ሐሙስ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ዶክተሯ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን የፈጀችው አንድ በሽታ ስታሳድድ ነው፤ ሰውን ከገዛ ቤቱ ሳያስወጣ ቤቱን የሚያስረሳውን፣ እናትን በወለደቻት ልጅ ፊት "አንቺ ደግሞ ማነሽ?" የሚያሰኘውን የአንጎል በሽታ። ሌላው ሰው ሙያውን ይመርጣል፣ እሷን ግን ሙያው ነው መጥቶ የመረጣት። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች እናቷ ማንኪያ ጠፋባቸው። ዕቃው እንኳ እፊታቸው ነበር፤ የጠፋው ስሙ ነው። "እስቲ ያንን... እንትን አቀብዪኝ" አሉ። ማን ልብ ይላል? እንትን ሳይል የሚውል ሰው አለ እንዴ! ከዚያ መቀሱ እንትን ሆነ፣ መስኮቱ እንትን ሆነ፣ የሠላሳ ዓመት ጎረቤታቸው እንትን ሆነች። በመጨረሻው ዓመት "እንትኑን እንትን አድርጉልኝ" ይላሉ፤ ሁለቱ ልጆቻቸው እየተሯሯጡ ውሃ ያቀርባሉ፣ ብርድ ልብስ ያቀርባሉ፣ መነጽር ያቀርባሉ፣ አንዱም አይደለም። እናት ተናደው ያለቅሳሉ፣ ልጆቹም አብረው ያለቅሳሉ።

አንድ ቃል ብቻ እስከ መጨረሻው አልጠፋባቸውም። ታናሺቱን ልጃቸውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ "እሳቴ" ነበር የሚሏት፣ "ይቺ ልጅ እሳት የላሰች ናት" እያሉ። ስሟን ረስተው፣ ልጃቸው መሆኗንም ረስተው፣ ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው አገጯን ያዝ አድርገው "እሳቴ" አሏት። በሽታው ያንን አንድ ቃል እንዴት ሳያየው እንዳለፈ ያስረዳ ሳይንስ የለም። እሷም ፈልጋ አላገኘችውም።

ያገኘችው ሌላ ነው። መጀመሪያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተጎነበሰች፤ ከሞቱ ሰዎች አንጎል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ እየቆረጡ ማየት ነበር ሥራዋ፣ ወገቧም የቀረው እዚያው ነው። ከዚያ መድኃኒት ልትሠራ ተነሣች። አይጦቹን ያዳነው መድኃኒት ሰው ላይ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ቀረ፣ አንዴ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ሦስቴ! "በቃሽ" ያላት ሰው ብዙ ነው። ችክ ያለች ሴት ናትና አልበቃትም። በመጨረሻ የደም ምርመራውን ሠራች። ከክንድ አንድ ብልቃጥ ደም ይቀዳል፣ በደሙ ውስጥ ከአንጎል የሾለከ አንድ ፕሮቲን ይለካል። ቁጥሩ ከአንድ በታች ከሆነ ሰላም ነው። ከአንድ ካለፈ ሰውየው ገና ምንም ሳይታወቀው በሽታው መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ከመቶ ሰው የዘጠና አራቱን በትክክል ይናገራል። ሃያ ስድስት ዓመት የተለፋው ለዚች ቁጥር ነው፤ ዶክተሯም በዚች ቁጥር ከመጣህባት አትምርህም።

ስለ ፊደሉም መናገር የግድ ነው፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በእሱ ነውና። ደሙ የሚቀመጠው ምድር ቤት ባለው የማቀዝቀዣ ክፍል ነው። የክፍሉ ኃላፊ ከእሷ በአሥር ዓመት የሚበልጡ፣ በሙቀትም ቢሆን ሹራብ የማያወልቁ ሰው ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የአስተዳደር ክፍሉ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ "አቶ ፊደል" ይላቸዋል። መደርደሪያዎቹን በፊደል ተራ የሰየሟቸው እሳቸው ናቸው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። "ፊደል እያለልን ቁጥር ምን ይሠራልናል?" ብለው። አምስተኛው መደርደሪያ፣ ንጉሡ ሠ፣ ሕመማቸው የታወቀ ሰዎች ደም ነው። ሰባተኛው፣ እሳቱ ሰ፣ የጤነኛ ፈቃደኞች ነው። በጽሑፍ ማንም አይሳሳትም። በአፍ ሲጠሩ ግን ሁለቱም ያው "ሰ" ናቸው፤ ጆሮ ደግሞ ማንበብ አይችልም።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ አዲስ ሠራተኛ "ሰ አርባን አምጡልኝ" ብሎ፣ የመጣለትን ሳያጣራ ሠርቶበት፣ የሦስት ወር ልፋት ገደል ገባ። ዶክተሯ ያን ቀን የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ይወራል። በማግሥቱ በገዛ እጇ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች፦ "በዚህ ቤት ራቁቱን የሚጠራ ሰ የለም። እሳቱ ወይም ንጉሡ ይባል።" ከዚያ ወዲህ "ሰ" ያለ ሁሉ "የቱ ሰ?" ይባላል፣ ዳይሬክተሩም ሳይቀሩ። ከሥሩ ሁለተኛ ማስታወቂያ አለ፣ እሱም የእሷ ፊርማ ያለበት፦ "የጤነኛ ፈቃደኞችን ውጤት መጠየቅም መናገርም ክልክል ነው።" ገና መድኃኒት ላልተገኘለት በሽታ ለጤነኛ ሰው መርዶ ቢነግሩት ምን ይጠቅመዋል? ጥናቱ ሲያልቅ ማወቅ የፈለገ ያውቃል፤ እስከዚያ ዝም። ሠራተኞቹ ሁሉ በፈቃዳቸው ደም ሰጥተዋል፣ እሷም ሰጥታለች። ብልቃጡ ላይ ስም የለም፣ ፊደልና ቁጥር ብቻ። የእሷ እሳቱ አሥራ አራት ናት። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ በዚህ ዓመት መግቢያ ላይ አንድ ሁለት ነገር መዘንጋት ጀመረች። የመኪናዋን ቁልፍ ስትፈልግ ቆይታ ቤቷ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከእንቁላሉ አጠገብ አገኘችው። ምክትሏን በቀድሞው ምክትል ስም ጠራችው። ስብሰባ ላይ ስትናገር ሦስት ጊዜ "እንትን" አለች፤ ቆጥራለች። "እርጅና መጣ እንግዲህ" እያለች ከሰው ጋር ብትስቅም፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ጉዱ የፈላው ረቡዕ ምሳ ሰዓት ነው። በመሥሪያ ቤቱ ካፊቴሪያ ሾርባ ቀረበላትና ወደ አስተናጋጇ ዞር አለች።

"እባክሽ... እንትን ረስተሻል።"

"ምን ላምጣልዎት?"

ዶክተሯ እጇን በአየር ላይ አማሰለች። ቃሉ የለም። ምላሷ ላይም የለም፣ ጉሮሮዋም ውስጥ የለም።

"ማንኪያ ነው?" አለች አስተናጋጇ ሳቅ ብላ።

ማንኪያ! ከቃል ሁሉ ማንኪያ! ሾርባው ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮዋን ከውስጥ ቆለፈችና የራሷን ሕግ ልትጥስ ስልኩን አነሣች። ወርዳ እንዳትጠይቅ፣ አቶ ፊደል የሰው ፊት ያነባሉ። ድምፅዋን እንደ ምንም አስተካክላ፣ እንደ ዋዛ፣

"አቶ ፊደል፣ የሰ አሥራ አራት የዘንድሮ ውጤት ስንት ነው?" አለች።

ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፉ ተሰማት።

"አንድ ነጥብ ስምንት።"

"እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ዘጋች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምርመራዋን ሽልማት ስታይ ቆየች። ክፋቱ ደግሞ ተስፋ እንኳ የሚደረግበት ቀዳዳ አልነበረውም። ሌላ ሰው "መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል" ብሎ ይጽናናል። እሷ ምን ትበል? መሣሪያው ተሳስቷል ካለች ሃያ ስድስት ዓመቷ ከንቱ ነው። መሣሪያው ትክክል ነው ካለች ደግሞ ራሷ አልቆላታል። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመኝ ጠፋባት። አመሻሹ ላይ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈች። ሰኞ የሚል ቀን አድርጋበት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ የሚረሳ ጭንቅላት የሰው ጭንቅላት ሊመረምር አይገባውም ብላ።

ቅዳሜ ወደ ታላቅ እህቷ ልብስ መስፊያ ሄደች። እህቷ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ ትፈታ ነበር። እናታቸውን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ ያለበሰች እሷ ናት።

"ሚጢ! ምነው ከሳሽ?" አለች መርፌዎቹን ተፍታ። ታናሽዋ ሃምሳ ሁለት ዓመት ቢሞላትም ያው ሚጢ ናት።

"እትዬ፣ የእማዬ በሽታ ይዞኛል።"

እህቷ ኮቱን አስቀመጠች። ሁሉንም አዳመጠችና "እሺ፣ ተረሳ የምትዪው ምንድን ነው?" አለች።

"ማንኪያ። እንትን እላለሁ፣ ልክ እንደ እማዬ።"

"ኧረ በሞቴ! ይሄ ሁሉ ሕዝብ እንትን ሲል አይደለም እንዴ የሚውለው? እኔስ ትናንት ለደንበኛዬ 'እንትንዎን እንትን ላድርገው' ብዬ አይደል ሴትዮዋ የሸሸችኝ?" ሳቀች፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረባት። "ደግሞስ መቼ ተኝተሽ ታውቂያለሽ? ሌሊቱን ስትጽፊ፣ ቀኑን ስትጯጯሂ። ምርመራው ተሳስቶ ይሆናል።"

"ከመቶ የዘጠና አራቱን በትክክል ይናገራል።"

"ታዲያ ከስድስቱ ሁኚያ!"

"እንዲሳሳት ልጸልይ ነው የምትዪኝ? የገዛ ሥራዬ?"

"አንቺ አትጸልዪ። እኔ እጸልያለሁ። እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም፣ የሚቀየመኝ የለም።" ከዚያ እጇን ያዘቻት። የእህቷ ጣት በመርፌ ብዛት ሻካራ ነው። "ደግሞ ቢሆንም ይሁን። እማዬን ያጠበ እጅ አንቺን አያቅተውም። ሰምተሻል? ፍርሃቱን ለእኔ ስጪኝና አንቺ ተኚ።" ሚጢ እንደ ሕፃን እህቷ ጭን ላይ ራሷን ጥላ፣ በሰው ኮት ላይ አለቀሰች። ኮቱ ሰኞ ለባለቤቱ ሲሰጥ ታጥቦ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ይዛ ገባች። ለዳይሬክተሩ ከመስጠቷ በፊት ግን አንድ ነገር ይቀራታል። ምልክቱ የታየበት ሰው ደም የጤነኞች መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ጥናቱን ማበላሸት የለበትም፤ በገዛ ሥራዋ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ትታ መሄድ አትችልም። ወደ ምድር ቤት ወረደች። አቶ ፊደል ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ አውጥተው ብልቃጥ ላይ ይጽፉ ነበር።

"እንደምን አደሩ ዶክተር። ምነው ፊትዎ?"

"ደህና ነኝ። አንድ ብልቃጥ እንዲያወጡልኝ ነው። ሰ አሥራ አራትን።"

አቶ ፊደል እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

"የቱ ሰ?"

"እሳቱ ነዋ!"

"ነዋ ብሎ ነገር የለም። ማስታወቂያው እዚያ ተለጥፏል፣ ጽሕፈቱም የእርስዎ ነው።" ጓንታቸውን ማጥለቅ ጀመሩና መሃል ላይ ቆም አሉ። "ለመሆኑ እሳቱ አሥራ አራት ምን አጥፍቶ ነው የሚወጣው?"

"ውጤቱን ሐሙስ ዕለት ነግረውኝ የለ?"

"እኔ? የጤነኛ ውጤት? ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

"አንድ ነጥብ ስምንት አላሉኝም?"

"ብያለሁ። የንጉሡን ነዋ!"

ዶክተሯ ግድግዳውን ያዘች።

"ደውለው 'ሰ አሥራ አራት' አሉኝ፣ ራቁቱን፣ እንደ ትናንት ተቀጣሪ" አሉ አቶ ፊደል፤ በራሳቸውም ቅር ብሏቸው ነበር። "'የቱ ሰ?' ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ማንን ልጠይቅ? ሕጉን ያወጡትን? ደግሞ ዶክተር የጤነኛ ውጤት አይጠይቁም፣ ክልክል ነው ብለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው፣ እንግዲያው ንጉሡን ነው አልኩና ነገርኩዎት። ንጉሡ አሥራ አራት ሕመማቸው ከታወቀ ሦስት ዓመታቸው ነው። አዲስ ነገር የላቸውም።"

ንጉሡ አሥራ አራት። እንደ ነገሥታት ዝርዝር! ዶክተሯ ባዶ የብልቃጥ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች፤ ካርቶኑ ሟሸሸ፣ እሷም አብራው ዝቅ አለች።

"አቶ ፊደል፣ እሳቱ አሥራ አራት እኔ ነኝ።"

ሰውየው ሐሙስን፣ ዓርብን፣ ቅዳሜን፣ እሑድን በጣታቸው ቆጠሩ።

"እኔን!" አሉ። "አራት ቀን ሙሉ?"

"አራት ቀን ሙሉ። ደብዳቤም ጽፌያለሁ።" አውጥታ አሳየቻቸው። "እባክዎ የእሳቱን ይንገሩኝ።"

"አልነግርም።"

"አቶ ፊደል!"

"ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ሕግ ተጣሰና ያመጣውን አዩት አይደል?"

እንዲህ ይበሉ እንጂ መነጽራቸውን አደረጉ። የኮምፒውተሩን ፊት እሷ ወደማታይበት አዞሩት። አንድ ጊዜ አዩ። ተጠግተው ደግመው አዩ። የማቀዝቀዣዎቹ ሞተር ሲያጉረመርም ይሰማል። ኮምፒውተሩን ዘጉና ደብዳቤውን ከእጇ ተቀበሉ፣ አራት ቦታ አጣጠፉት፣ ጎንበስ ብለው አንድ እግሩ ከሚያጥረው ማቀዝቀዣ ሥር ወሸቁት። ነካ አደረጉት፤ አልተወዛወዘም።

"ውጤት አልነገርኩዎትም" አሉ ጉልበታቸውን እያራገፉ። "ሥራ ለመልቀቅ ግን ሌላ ምክንያት ይፈልጉ። ይሄኛው አያዋጣዎትም።"

እፎይ! ሌላ ምን ይባላል? አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ሁለቱን ባንድ ላይ አደረገችው። አቶ ፊደል የሚያደርጉት ቢያጡ የብልቃጥ መጥረጊያ ጨርቅ አቀበሏት፤ ስትናፈጥበት ፊታቸውን አዞሩ። "መርሳት ለመርሳትማ" አሉ፣ "እኔ ትናንት መነጽሬን ስፈልግ አርፍጄ ያገኘሁት አፍንጫዬ ላይ ነው። ይተኙ እስቲ፣ እንደ ሰው።" ጭንቅላቷ ደህና ነው። ምርመራዋም ደህና ነው፣ የንጉሡን አሥራ አራት እውነቱን ነው የተናገረው። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ ብላ አራት ቀን ሙሉ አስባ አታውቅም። የተሳሳተው አፏ ብቻ ነው፤ እሱንም ያሳሳተው ፍርሃት ነው። ፍርሃት ሕጉን ካወጣው ሰው ላይ እንኳ ሕጉን ይነጥቃል።

ደረጃውን ስትወጣ፣ ሦስተኛው እርከን ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት ቃሉ መጣ። "ማንኪያ!" አለች ጮክ ብላ። ደረጃውን ትወለውል የነበረችው ሴት ቀና ብላ አየቻትና "እኔ ጋ የለም" አለቻት።

ቢሮዋ ገብታ በሩን ክፍት ትታ ለእህቷ ደወለች። የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ በስልኩ ይሰማል።

"እሺ ሚጢ፣ እንትኑ እንዴት ሆነ?"

"የቱ እንትን?"

"ኧረ ተይ አታሹፊብኝ፣ ሌሊቱን ስጸልይ ነው ያደርኩት!"

"እትዬ፣ የሌላ ሰው ውጤት ነው የሰማሁት። የእኔ ደም እሳቱ ሰ ላይ ነው ያለው። እኔ ደንግጬ ሰ ብቻ አልኩ፣ አቶ ፊደል የንጉሡን ነገሩኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ፣ እትዬ።"

መኪናው ቆመ። እህቷ እየተነፋረቀች እንደሆነ ታወቀ። ጥቂት ቆይታ ጉሮሮዋን ጠረገችና መቆጣት ጀመረች፣ ደስ ሲላት እንዲያ ናት።

"እማዬ ሁሉን ስትረሳ ያልረሳችውን አንቺ ረሳሽው? እሳቴ ብላሽ አይደል የሞተችው? ገና ድሮ ነግራሽ ነበር እኮ፣ ስምሽን በወጉ ብትጠሪ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ከየት ይመጣ ነበር! በይ አሁን ጥሪው።"

ዶክተሯ ዓይኖቿን ጨፈነች። አገጯ ላይ የእናቷ ጣቶች ያሉ መሰላት።

"እሳቱ" አለች። "እሳቱ አሥራ አራት።"

"እንዲያ ነው እንጂ" አለች እህቷ፣ መኪናውም ሥራውን ቀጠለ።